የዝንጀሮ ኮረሪማ ዘመዶች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው አልፎ አልፎ ነው። ልጄ ከሐዋሳ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ይደውልና ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋል። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ ባለው ቤቴ በረንዳ ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ቀኑ እሑድ ስላልነበረ የተሳሳተ ሰው ነው ብዬ አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ሰላማዊት ነኝ።»

ሰላማዊት በሥራ ዘመኔ መጨረሻ አዲስ አበባ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ያስተማርኋት ተመራማሪ ናት፤ ዛሬ እኔ በነበርሁበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታውን አላረዘመችውም።

«የሸኮ ጫካ ቅጠሎቹን አገኘኋቸው» አለች።

«የትኞቹን?» ብዬ ጠየቅሁ። የትኞቹ እንደ ሆኑ ግን ቀድሞ ገብቶኝ ነበር።

«ዶክተር አምሳለ በእርሳስ ‹ጭስ የነካቸው› ብለው የጻፉባቸው። ያን ጊዜ የማይነበብ የነበረው አሁን ይነበባል። ልሞክራቸው ወይስ ይቅር?»

ሞክሪያቸው አልኋት። 

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚያ ስልክ ምክንያት ነው። የሠራሁበት ሙያ ያለ ማስረጃ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይፈቅድም፤ እዚህ የማሰፍረው ግን ከጭንቅላቴ በቀር ምስክር የለውም፤ ጭንቅላቴንም እንደ ቀድሞው አላምነውም። ሰዎቹ የተናገሩትን ቃል በቃል አስቀምጫለሁ አልልም። እኔ ዘንድ እንደ ቀረው አስቀምጫለሁ።

የተወለድሁት እዚሁ ሚዛን ነው። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። እኔም በመምህርነት ጀምሬ፣ ቴፒ አካባቢ ወደ ነበረ አንድ የምርምር ጣቢያ የቅመማ ቅመም ክፍል ተዛወርሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጓንት በጥንድ ሳይሆን በነጠላ የሚያድል ሰው ነበር። «በአንዱ እጅህ ሥራ፣ አንዱን አሳርፈው» ይለኝ ነበር። ስለ ደመወዙ፣ ይበቃል ሲባል የኖረ የማይበቃ ደመወዝ ነበር ብዬ ልለፈው። በዚያ ጣቢያ ዝንጅብልና እርድ፣ ሄልና ኮረሪማ ስንለካ ዓመታት አለፉ፤ የግንዱን ቁመት፣ የቅጠሉን ስፋት፣ የፍሬውን ክብደት። ኮረሪማ ከማን ጋር ትዛመዳለች የሚለውን ጥያቄ ግን በሜትር መመለስ አይቻልም። አንዱ ተክል በጥላ ሲያድግ ይረዝማል፣ በፀሐይ ሲያድግ ያጥራል፤ መልክ ያታልላል።

ዶክተር አምሳለ ከአዲስ አበባ ወደ ጣቢያችን የመጡት ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት፣ የዕፀዋት ሊቅ ነበሩ። መንገድ የሚያውቅ ሰው ስጡኝ አሉ፤ እኔን ሰጧቸው። ኋላም ወደ አዲስ አበባው ቤተ ሙከራ ይዘውኝ ሄዱ፤ እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አልተለያየንም።

ሥራችንን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ እጅግ ረጅም ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሁለት ዝርያዎች አንድን ስሕተት ቢጋሩ ድንገት ሊሆን ይችላል። ብዙ ስሕተት በተመሳሳይ ቦታ ሲጋሩ ግን፣ ከአንድ አያት ወርሰውታል ማለት ይቀላል። የትኛው ስሕተት ጥንታዊ፣ የትኛው የቅርብ እንደ ሆነ ለመለየት ደግሞ ከቤተሰቡ ራቅ ያለ ዘመድ እንደ ባዕድ ምስክር ይቀመጣል። የእኛ ምስክር ከቴፒ ጓሮ የነቀልነው ዝንጅብል ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ዛፍ ይሣላል፤ ማን ከማን ጋር በአንድ ቅርንጫፍ እንደ ቆመ፣ ማን ቀድሞ እንደ ተለየ የሚያሳይ።

በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። የኮረሪማ ቅጠል ግን በዋዛ እጅ አይሰጥም። ሲደቅቅ ይልጎመጎማል፤ ልጋጉ ዲኤንኤውን አቅፎ አይለቅም፤ ትንሽ ከቆየም እንደ ሻይ ይጠቁራል። ዶክተር አምሳለ በትንሽ ነጭ ሙቀጫ በብርቱ ቅዝቃዜ ያደቅቁታል፤ ያጥቡታል፤ እንደገና ያጥቡታል። በመጨረሻ የቀዘቀዘ አልኮል በቱቦው ጎን በቀስታ ሲያንቆረቁሩ፣ ከሥር እንደ ጥጥ ፈትል የሳሳ ነጭ ነገር ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ማንም እንዲናገር አይፈቅዱም ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚፈሩት የባዕድ ዲኤንኤ መቀላቀልን ነው። ዲኤንኤውን ለንባብ እንዲበቃ የሚያበዛው ማሽን የተሰጠውን ሁሉ ያባዛል፤ የማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። ከሌላ ቅጠል የመጣ፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት ቱቦ ውስጥ ቢገባ፣ ተባዝቶ ተባዝቶ እውነተኛውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጠረጴዛውን በበረኪና ያብሱ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ካፖርት ይለውጡ ነበር። ከቱቦዎቹ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ ውኃ ብቻ የያዘች አንዲት ባዶ ቱቦ ወደ ማሽኑ ያስገባሉ። ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው። ባዶዋ ውስጥ ነገር ከታየ፣ የወሩን ድካም ያለ አንድ ቃል ወደ ቆሻሻ ይጥሉታል። አንድ ጊዜ ተበሳጭቼ «የቀሩት እኮ ደኅና ናቸው» ብላቸው፣ «ከምን አወቅህ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ የዘወትር ንግግራቸው ነበር። ምሳ በልተሃል ሲሉኝ አዎን ካልሁ እንኳ ከምን አወቅህ የሚሉ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ጫካ ውስጥ አንዲት ብቻ የሆነች አበባ አትቀጠፍም። ፍሬ ታድርግ፣ ከዚያ እንመጣለን ይሉ ነበር።

ወደ ሸኮ ጫካ የወረድነው በዝናብ ወራት ነው። ያረፍነው በጫካው ጠርዝ በሚኖሩት በአቶ ጳውሎስና በባለቤታቸው በወይዘሮ ማርታ ቤት ነበር። አቶ ጳውሎስ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ማር ቆራጭ ናቸው፤ ወይዘሮ ማርታ ከጫካው ቡናና ኮረሪማ ይለቅማሉ፤ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ፊት ቆመው ይመራሉ። ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ሳቃቸውም ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ከሌሎቹ የተለየችውን ተክል ያሳዩን ወይዘሮ ማርታ ናቸው። ጅረቱ አጠገብ፣ ከኮረሪማዎች መካከል፣ ቅጠሏ ጠበብ ያለ፣ ሥሯ ሥር አንዲት አበባ ከመሬት ብቅ ያለች።

«ይቺ የዝንጀሮ ናት» አሉ። «ሰው አይበላትም።»

«ቀምሰዋታል?» አሉ ዶክተር አምሳለ።

«አንድ ጊዜ። ጳውሎስ ሲያስቀይመኝ ወጡ ውስጥ ጨመርሁበት።»

«ምን አለ?»

«ሁለተኛ አላስቀየመኝም።»

ዶክተር አምሳለ ሲስቁ ያየሁባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ያ አንዱ ነው። ከዚያ ተንበርክከው አበባዋን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔም ከትከሻቸው በላይ አየሁ፤ ወይዘሮ ማርታም አዩ። ካሜራችን በእርጥበት ታፍኖ አልሠራ ብሎ ነበር። አበባዋ አንዲት ስለሆነች አልተቀጠፈችም። ከቅጠሏ ወሰድን፤ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ጠጠሮች፣ ሲሊካ የምንላቸውን፣ ጨምረን አሰርን። ከረጢቱን ወይዘሮ ማርታ ቤት ትተን ወደ ሌላው የጫካ ክፍል ወጣን።

ስንመለስ ቅጠሎቹ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ፣ በክር ተሰክተው፣ ከኮረሪማ ፍሬና ከዘር በቆሎ ጎን ተሰቅለው አገኘናቸው። በዚያ ዝናብ አገር ከሻጋታ መዳን ያለበት የተከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ከእሳት በላይ ነው። ወይዘሮ ማርታ የእንግዶቻቸውን ዕቃ ከቤታቸው ምርጥ ቦታ ላይ ማስቀመጣቸው ነበር።

«በላስቲክ ታፍኖ ሊበሰብስባችሁ ነበር» አሉን። «ድንጋዮቹን ደግሞ መድኃኒት መስለውኝ በቅል አስቀመጥኋቸው።»

ጭስና ሙቀት ዲኤንኤን እንደሚሰባብሩ እኔም ዶክተር አምሳለም እናውቃለን። ቅጠሎቹ ደርቀው ቡናማ ሆነዋል። ዶክተር አምሳለ በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ አላየሁም» አሉ። ተክሏ ደካማ ስለነበረች ሁለተኛ ቅጠል አልወሰድንም፤ ለፍሬዋ ስንመለስ እንወስዳለን ተባለ። ወደ መኪናው ስንሄድ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ለወይዘሮ ማርታ ይህ ነገር አይነገርም» አሉኝ። «ቢሠራም፣ ባይሠራም።»

አልሠራም። ደኅና ዲኤንኤ ጄል በምንለው፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት የረጋ ሙጫ ላይ ሲሮጥ አንድ ደማቅ ጭረት ሆኖ ይታያል። የእኛ ከላይ እስከ ታች እንደ ጉም የተበተነ ነበር። ያን ጊዜ በነበረን ዘዴ ረጅም ቁራጭ ካልተገኘ ንባብ የለም። ደገምነው፣ መጠኑን ቀየርነው፣ ማጠቢያውን ቀየርነው። ጉም ነው። ዶክተር አምሳለ የተረፉትን ቅጠሎች አሽገው በላያቸው በእርሳስ ጻፉ።

በዚህ መካከል አቶ ጳውሎስ ሰው ልከው ጫካው ለቡና ልማት ሊሰጥ ነው አሉን። ወይዘሮ ማርታ የሚለቅሙበትም፣ ቀፎዎቹ ያሉበትም፣ ተክሏ የቆመችበትም ያው አንድ ጫካ ነው። ዶክተር አምሳለ ሚዛን ድረስ ወረዱ፤ እኔም ተከተልሁ። ጉዳዩን የያዘው ኃላፊ ትሑት ወጣት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«ዶክተር፣ ይህች ተክል ከሌላው ኮረሪማ የተለየች ዝርያ ናት ይላሉ?»

«ልትሆን ትችላለች እላለሁ።»

«ልትሆን ትችላለች የሚል ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት ይጻፋል?»

«እንዳልሁት ይጻፋል።»

ወጣቱ ፈገግ አለ፤ ለማሾፍ አልነበረም። «እኔ የምጠየቀው ስንት ሄክታር ተተከለ ተብዬ ነው። የተለየች ናት ብለው ቢፈርሙልኝ ይዤው የምሄደው ነገር አገኛለሁ። ቅጠሉ ምን አለ?»

«ገና አልተናገረም» አሉ ዶክተር አምሳለ።

ደጅ ስንወጣ ታገሥሁ፣ ታገሥሁና «የተለየች ናት ቢሉት ምን ነበረበት?» አልኋቸው።

«ከምን አውቄ?» አሉኝ። ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም፤ ወይም ዛሬ እንዲያ ይመስለኛል።

በጋው ሲገባ ለፍሬው ተመለስን። ትላልቆቹ ዛፎች ለጥላ ቀርተዋል፤ ከሥራቸው የነበረው ሁሉ ተመንጥሮ የቡና ችግኝ በመስመር ቆሟል። አቶ ጳውሎስ ቀፎዎቻቸውን አውርደው ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋል። በጅረቱ ዳር ዳር ሄድን፤ የተለመደችው ኮረሪማ እዚህም እዚያም ተርፋለች። ያቺ ግን የለችም። ጌጫ ድረስ ወጣን፤ በሌላ ዓመት ወደ ማጂ አቅጣጫ ሄድን። ዶክተር አምሳለ በየጅረቱ እየተንበረከኩ ይፈልጉ ነበር፤ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ። የኮረሪማን ዘመዶች ዛፍ ሠርተን ስንጨርስ ያቺን ሳናስገባ አተምነው። በጠረጴዛቸው ላይ ባለው ቅጂ ግን አንዲት መስመር በእርሳስ ጨምረው፣ ከየትም ሳያያይዟት ጎን ላይ ተዉአት።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ በየበዓሉ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስለ ተክሏ አንሥተን አናውቅም። ካረፉ በኋላ ሥራውም መልኩን ቀየረ። ቅጠል በትልቅ ማሽን ይነበብ ጀመር፤ የሰው እጅ የሚሠራው እየቀነሰ፣ የሰው ዓይን ኮምፒውተር ላይ የሚቆይበት እየበዛ ሄደ። ዛፉን ራሱ ኮምፒውተሩ ይሥለዋል። ይህ መልካም ነው፤ ከእኛም በላይ ትክክል ነው። እኔ ግን ነጩን ክር ዝም ብዬ የምመለከትበት ክፍል ናፈቀኝ። ባለቤቴ ስታርፍ ወደ ተወለድሁባት ከተማ ተመለስሁ። እዚህ የልጅነት ወዳጆቼ የሉም። ሰፈርተኛው በአክብሮት ዶክተር ይለኛል፤ አንዳንዱም የጉንፋን መድኃኒት ይጠይቀኛል። የዕፀዋት ነኝ ስላቸው «እንግዲያው ዳማከሴ ይስጡን» ይላሉ።

ሰላማዊት ሁለተኛ የደወለችው ከመስቀል በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ተነበበ።»

«ባዶዋስ?» አልሁ።

«ባዶዋ ንጹሕ ናት። ሁለተኛ ሰውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞታል።» ከዚያ ዝግ ብላ ነገረችኝ። ተክሏ ኮረሪማ አይደለችም። በእጃችን ካሉት ዘመዶች የአንዱም እኅት አይደለችም። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ገና ሳይለያዩ እሷ ተለይታ፣ በራሷ ረጅም ቅርንጫፍ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

ተቀምጬ ነበር፤ ብነሣ የምሄድበት፣ ብጠራ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ይህን ማወቅ ከማንም በፊት የሚገባቸው ዶክተር አምሳለ በሕይወት የሉም።

«አሁን ፈላጊ ልልክ ነው» አለች ሰላማዊት። «ወደ ማጂም ወደ ጌጫም ያልታዩ ጫካዎች አሉ። አንዲት እንኳ በሕይወት ካለች ልንደርስላት ይገባል። ግን ምን ፈልጉ ልበላቸው? ጠባብ ቅጠል ያለው ኮረሪማ በየጥላው ሞልቷል። አበባዋን ያዩት እርስዎ ነዎት። ምን ዓይነት ነበረች?»

«ነጭ» አልሁ። ወዲያውም «ቆይ» አልሁ። የተለመደችው ኮረሪማ አበባዋ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው፤ ያቺ ንጹሕ ነጭ ነበረች። እንዲህ ይታየኛል። ነገር ግን ካሜራ አልነበረም፤ ከትከሻ በላይ ነበር ያየሁት፤ ስንት ዘመን አልፏል። «ከእኔ ሌላ ያየ ሰው አለ» አልኋት። «ጠይቄ ልንገርሽ።»

በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሸኮ ሄድሁ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግሬ። ወይዘሮ ማርታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ቡና ይለቅማሉ። አቶ ጳውሎስ ካረፉ ቆይቷል። ሴትዮዋ ቀና ብለው ትንሽ አዩኝና አወቁኝ።

«አንተ ነህ? ጠጉርህን የት ጣልኸው?»

በእኛ አካባቢ አማርኛን ከሌላ ቋንቋ በኋላ የተማሩ ሰዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላሉ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው አልነበረምና ደስ አለኝ።

«አዲስ አበባ ረሳሁት» አልሁ።

«ዶክተሯስ?»

«አርፈዋል።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። በርጩማ ሳቡልኝ። ከዚያ «ቅጠሎቹ ግን ደረቁላት? ረዷት?» አሉ። «ጳውሎስ ‹የሰው ዕቃ ነካሽ› እያለ ሲቆጣኝ ኖረ።»

ዶክተር አምሳለ አይነገርም ያሉት ትዝ አለኝ። እኔ ግን ለመዋሸትም ለመደበቅም አልተገደድሁም። «ያን ጊዜ መሣሪያችን ደካማ ነበር» አልሁ። «አሁን ተነበቡ። ከዚያች ተክል የቀሩት እርስዎ ያደረቋቸው ቅጠሎች ብቻ ናቸው። ተናገሩ።»

«ምን አሉ?»

«የኮረሪማ ዘር አይደለችም አሉ። እኅት የላትም። ብቻዋን ናት።»

ወይዘሮ ማርታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የዝንጀሮ ናት ብያችሁ ነበር» አሉ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው አሁንም ከሩቅ የሚሰማ ነው።

አበባዋ ምን ዓይነት እንደ ነበረች ጠየቅኋቸው። ነጭ የሚለውን ቃል ላለማንሣት ተጠንቅቄ ነበር።

«ቀይ» አሉ፤ ሳያመነቱ።

«ቀይ?»

«ቀይ ናት እንጂ። ዶክተሯ ተንበርክካ፣ ነጠላዋ ጭቃ ነክቶ፣ አበባዋ ፊቷ ሥር። ደማቅ ቀይ። ለመዘምራን ካባ የገዛነውን ጨርቅ ሳየው ‹የዝንጀሮዋ አበባ› ብዬ ነው የመረጥሁት። ካባው ዛሬም አለ።»

«ለእኔ ነጭ ነው የሚታየኝ፣ ወይዘሮ ማርታ።»

«አንተማ ከኋላ ቆመህ ነበር።»

ብዙ ተከራከርን። እሳቸው ገና ሲስቁ እኔ ግን ፈላጊዎቹን አስብ ነበር። ለፈላጊዎቹ ቀይ ካልን ነጯን አልፈዋት ይሄዳሉ፤ ነጭ ካልን ቀይዋን። አንዳችን ተሳስተናል፤ ወይም ሁለታችንም። ሊዳኙን የሚችሉት ዶክተር አምሳለ አርፈዋል። የተክሏን ዘመዶች አወቅን፤ መልኳን አጣን።

«እኔና አንተ ካለፍን ማን ይከራከርባታል?» አሉ ወይዘሮ ማርታ ሲሸኙኝ። «ተመለስ። ነጭ ናት እያልህ ተመለስ።»

መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ለሰላማዊት የምለውን አዘጋጀሁ። ሁለት ምስክሮች አሉ፤ አንዱ ነጭ ይላል፣ አንዷ ቀይ ትላለች፤ ፈላጊዎቹ ሁለቱንም ይያዙ። ይህ ሐቀኛ መልስ ነበር፤ በቂም ነበር። መኪናው መጥቶ በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከሸኮ ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በሁለቱም ወገን ቡና በመስመር ቆሟል። ከመደወሌ በፊት አንድ ጊዜ ላረጋግጥ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጅረቱን፣ ጭቃውን፣ የዶክተር አምሳለን ትከሻ ፈለግሁ። ሁሉም መጡ። አበባዋም መጣች፤ ወይዘሮ ማርታ እንዳሉት ደማቅ ቀይ ሆና።

ነጯን ፈለግሁ። ነጭ የሚለው ቃል ነበር፤ አበባዋ ግን አልነበረችም።